የመስመር ድንበር፦ የጽሑፍ ዝርዝር በፋይል ተቀምጦ መልሶ የሚነበብበት ዘዴ ታሪክ

ፕሮግራም መጻፍ ለሚጀምር ሰው ቀድመው ከሚሰጡት መልመጃዎች አንዱ የስም ዝርዝር ተቀብሎ በፋይል ማስቀመጥ፣ በማግሥቱም ያንኑ ዝርዝር መልሶ ማንበብ ነው። ሥራው እጅግ ቀላል ይመስላል። ሆኖም ሠላሳ ስም ያስቀመጠው ተማሪ ሠላሳ አንድ ይመለስለታል፤ ወይም ሠላሳው ስሞች ተያይዘው አንድ ረጅም ስም ሆነው ይጠብቁታል። ምክንያቱ ሩቅ አይደለም። በኮምፒዩተሩ ማኅደረ ትውስታ ውስጥ እያንዳንዱ ስም የራሱ ስፍራ አለው፤ ፋይል ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የተደረደሩ ባይቶች ብቻ ነው። አንዱ ስም የት አልቆ ሌላው የት እንደሚጀምር የጻፈው ፕሮግራም ምልክት ካላኖረ በቀር፣ የሚያነበው ፕሮግራም ሊያውቀው አይችልም። ይህ ድንበር በየዘመኑ በምን ይሠራ እንደ ነበር የሙያ ባልደረቦቻችን፣ በተለይም የሚያስተምሩት፣ ቢያውቁት ይጠቅማል ብለን እናምናለን። (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ድንበሩ በመጀመሪያ የወረቀት ጠርዝ ነበር። ሄርማን ሆለሪዝ ለ1890 የአሜሪካ ሕዝብ ቆጠራ ባዘጋጀው ዘዴ እያንዳንዱ ሰው በአንዲት የተበሳች ካርድ ይወከል ነበር። አይ ቢ ኤም በ1928 ባለ 80 ዓምድ ካርድ ካወጣ በኋላ ደግሞ አንድ ካርድ አንድ መስመር መሆኑ በሙያው የጸና ልማድ ሆነ። ዝርዝር ማለት የካርድ ክምር ነው፤ ስም ለመጨመር ካርድ በመካከል ማስገባት፣ ለመሰረዝ ካርድ ማውጣት ይበቃል። ክምሩ ከእጅ ወድቆ ቢበተን ቅደም ተከተሉ ይጠፋል፤ ለዚህም ሲሉ ሠራተኞቹ በክምሩ ጠርዝ ላይ ሰያፍ መስመር ያሠምሩ ነበር። የአንዱ ስም ከሌላው ጋር መቀላቀል ግን ከቶ አይታሰብም።

ማግኔቲክ ቴፕ ሲመጣ ይህ ጠርዝ ጠፋ። በ1951 ለአሜሪካ የሕዝብ ቆጠራ ቢሮ የተሰጠው ዩኒቫክ መረጃውን በብረት ቴፕ ላይ ይጽፍ ነበር፤ ቴፕ ደግሞ ከአንድ ጫፍ እስከ ሌላው ያልተቋረጠ ነው። ከዚህ የተነሣ ሁለት መፍትሔዎች ተለመዱ። የመጀመሪያው ለእያንዳንዱ መስመር እኩል ስፍራ መስጠት ሲሆን፣ የካርዱ 80 ዓምድ ካርዱ ከቀረ በኋላም እንደ መለኪያ ኖረ። አጭር ስም በባዶ ስፍራ ይሞላል፤ ረጅም ስም ይቆረጣል። መቁረጡ በእኛ አስተያየት ከሁሉ የከፋው ጉዳት ነው፤ ማሽኑ ስሕተት መፈጠሩን ሳያስታውቅ የሰውየውን የአያት ስም ይበላልና። ሁለተኛው መፍትሔ ከጽሑፉ አስቀድሞ የፊደሎቹን ብዛት መጻፍ ነው። በ1957 የወጣው ፎርትራን ጽሑፍን የሚቀበለው በዚህ መንገድ ስለ ነበር፣ ፕሮግራም ጸሐፊው ፊደሎቹን በጣቱ መቁጠር ግድ ይለው ነበር። በአንድ ከተሳሳተ ቀጥሎ ያለው ትእዛዝ የጽሑፉ አካል ሆኖ ይቆጠራል፤ ወይም የጽሑፉ መጨረሻ እንደ ትእዛዝ ይነበባል።

ዛሬ የምንጠቀምበት ድንበር የመጣው ግን ከቴሌታይፕ ነው። የቴሌታይፕ መጻፊያ ራስ ወደ መስመሩ መጀመሪያ እንዲመለስ አንድ ትእዛዝ፣ ወረቀቱ አንድ መስመር ከፍ እንዲል ሌላ ትእዛዝ ያስፈልገው ነበር። በ1963 በጸደቀው የአስኪ ኮድ የፊተኛው ቁጥር 13፣ የኋለኛው 10 ሆነ። እነዚህ ሁለት ቁጥሮች የተፈጠሩት ብረትና ወረቀት ለማንቀሳቀስ እንጂ በፋይል ውስጥ ስምን ከስም ለመለየት አልነበረም፤ ማሽኑ ከጠፋ በኋላ ግን ምልክቱ በፋይሉ ውስጥ ቀረ። በ1969 የተጀመረው ዩኒክስ፣ ከእርሱ በፊት የነበረውን መልቲክስን ተከትሎ፣ 10ን ብቻ መረጠ። ጋሪ ኪልዶል በ1974 የሠራው ሲ ፒ ኤም ሁለቱንም ያዘ፤ የ1981 ኤም ኤስ ዶስም ይህንኑ ወረሰ። የ1984ቱ ማኪንቶሽ ደግሞ 13ን ብቻ ሲጠቀም ኖሮ በ2001 ከዩኒክስ ወገን ሆነ። ስለዚህ በአንዱ ማሽን የተጻፈ ዝርዝር በሌላው ሲነበብ ከየስሙ ጫፍ የማይታይ ምልክት ተለጥፎ ይገኛል። ሁለት ስሞች በመስኮቱ ላይ አንድ ዓይነት ሆነው ሳለ ኮምፒዩተሩ «ልዩ ናቸው» የሚለው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

ሲ ፒ ኤም ሌላም ቅርስ ትቶልናል። የፋይልን ርዝመት የሚቆጥረው በ128 ባይት እየከፈለ ነበር፤ 130 ባይት የሆነ ዝርዝር 256 ባይት ይይዛል። የቀረው 126 ባይት የዝርዝሩ አካል አለመሆኑን ለማሳወቅ ቁጥር 26 የማብቂያ ምልክት ተደረገ። ኤም ኤስ ዶስ የፋይሉን ርዝመት በትክክል እያወቀ እንኳ ልማዱን ስላልተወ፣ 26 በስሕተት በመካከል የገባበት ዝርዝር በቦታው ላይ ይቆም ነበር።

ጀማሪዎች ወደዚህ ዓለም በብዛት የገቡት በቤዚክ ነው። ጆን ኬሜኒና ቶማስ ከርትዝ በዳርትማውዝ ኮሌጅ በግንቦት 1964 ሥራ ያስጀመሩት ይህ ቋንቋ መጀመሪያ ላይ ቁጥርን እንጂ ጽሑፍን በተለዋዋጭ አይዝም ነበር። ተማሪው በ«ሴቭ» የሚያስቀምጠውና በ«ኦልድ» የሚያወጣው ፕሮግራሙን ነው፤ መረጃውም በፕሮግራሙ ውስጥ «ዳታ» በሚሉ መስመሮች ይጻፋል። ፕሮግራሙ ሲሠራ ያደገ ዝርዝር ሲጠናቀቅ አብሮ ይጠፋ ነበር። በ1975 የካንሳስ ሲቲ ስምምነት በተራ የሙዚቃ ካሴት ላይ በሴኮንድ 300 ቢት መጻፍ ሲፈቅድ ማከማቻው ወደየቤቱ ገባ። በኋላ በማይክሮሶፍት ቤዚክ ዝርዝርን ወደ ፋይል የሚጽፉት «ፕሪንት» እና «ራይት»፣ የሚያነቡትም «ኢንፑት» እና «ላይን ኢንፑት» ሆኑ። ወጥመዱ እዚህ ላይ ነበር። «ኢንፑት» ኮማን እንደ ድንበር ስለሚቆጥር፣ የከተማና የአገር ስም በኮማ የተለየበት መስመር ለሁለት ይከፈላል፤ «ላይን ኢንፑት» ግን መስመሩን ሙሉውን ይወስዳል። «ራይት» ጽሑፉን በጥቅስ ምልክት አጥሮ ሲጽፍ «ፕሪንት» እንዳለ ይጥለዋል። ጸሐፊውና አንባቢው ጥንድ ሆነው ካልተመረጡ ዝርዝሩ እንደ ሄደ አይመለስም። በኮማ የሚለዩ ፋይሎች ደንብ በጽሑፍ የሰፈረው ከብዙ ዓመታት ልምድ በኋላ፣ በ2005 ነው።

ለአማርኛ ጸሐፊ ጉዳዩ አንድ እርከን ይጨምራል። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ የግዕዝ ፊደልን ለመጻፍ የተዘጋጁት ፕሮግራሞች ለአንዱ ፊደል የተለያየ ቁጥር ይሰጡ ስለ ነበር፣ በአንዱ የተቀመጠ ዝርዝር በሌላው ሲከፈት መስመሮቹ በትክክል ተለይተው ፊደሎቹ ግን ሌላ ሆነው ይታዩ ነበር። ፊደላችን በ1999 በዩኒኮድ ሲካተት ቁጥሩ አንድ ሆነ፤ ቁጥሩ በባይት የሚጻፍበት መንገድ ግን አንድ አልነበረም። በዩቲኤፍ-16 እያንዳንዱ ፊደል ሁለት ባይት ሲሆን፣ «ሊ» 18 እና 10፣ «ል» 18 እና 13፣ «ሬ» ደግሞ 18 እና 44 ይሆናሉ። 10 እና 13 የመስመር ድንበሮች፣ 44 ደግሞ ኮማ መሆናቸውን ልብ ይሏል። ባይት እየቆጠረ በ10 የሚቆርጥ ፕሮግራም «አሊ» የሚለውን ስም በሆዱ ይሰነጥቀዋል፤ «ልዑል»ም ሆነ «ፍሬሕይወት» ከአደጋው አያመልጡም። ኬን ቶምፕሰንና ሮብ ፓይክ በ1992 የነደፉት ዩቲኤፍ-8 ለአንድ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ያስከፍላል፤ «ሊ» 225፣ 136፣ 138 ይሆናል። ሁሉም ከ127 በላይ ስለ ሆኑ ከድንበር ምልክቶቹ ጋር ከቶ አይጋጩም። ሦስተኛው ባይት አባካኝ ነው ብለው ለሚያማርሩ ይህን ብቻ እናስታውሳለን።

የቀረው ክርክር ምልክቱ በስሞች መካከል ይቁም ወይስ ከእያንዳንዱ ስም በኋላ የሚለው ነው። በመካከል ከቆመ፣ አንድም ስም የሌለበት ዝርዝርና አንድ ባዶ ስም ያለበት ዝርዝር ሁለቱም ዜሮ ባይት ይሆናሉ፤ ከፋይሉ ተመልሶ ማን ማን እንደ ነበር ሊታወቅ አይችልም። ከእያንዳንዱ በኋላ ከቆመ፣ የፊተኛው ዜሮ፣ የኋለኛው ቢያንስ አንድ ባይት ይኖረዋል። ዩኒክስ የመረጠው ይህን ሁለተኛውን ነው፤ ሠላሳ አንደኛው ባዶ ስም የሚወለደውም የኋለኛውን ፋይል በፊተኛው ደንብ ሲያነቡት ነው። በ1991 ለሕዝብ የቀረበው ፓይተን ደግሞ ዝርዝርን በአንድ ጊዜ በሚጽፈው ትእዛዙ ምልክቱን በራሱ አይጨምርም፤ ሲያነብ ግን ከየመስመሩ ጫፍ አያነሣውም። ስለዚህ ተማሪው ሲጽፍ ምልክቱን ከእያንዳንዱ ስም በኋላ፣ ከመጨረሻውም በኋላ፣ ራሱ ያኖራል፤ ሲያነብም ራሱ ያነሣል።