ሳጥናኤል፣ ዐይነ ስውሩ ባለቅኔ እና አምባ ግሸን

በነሐሴ 1660 (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ያንብቡልኝ) ለንደን ውስጥ የአንድ ሰው መጻሕፍት በአደባባይ ተቃጠሉ። እሳት ውስጥ የሚጨምራቸው ወንጀለኛ ሰቃዩ ነበር። ደራሲው ጆን ሚልተን 51 ዓመቱ ነው፤ ዐይኖቹ ከጠፉ ስምንት ዓመት አልፏል፤ ያኔ በወዳጅ ቤት ተሸሽጓል። ጥፋቱ ደግሞ ቀላል አይደለም። ቀዳማዊ ቻርልስ በ1649 አንገቱ ሲቆረጥ፣ ሕዝብ ግፈኛ ንጉሥን የመቅጣት መብት አለው ብሎ ጽፏል፤ ንጉሡን ለገለበጠው መንግሥትም የውጭ ቋንቋዎች ጸሐፊ ሆኖ አገልግሏል። አሁን የሟቹ ልጅ ዙፋኑ ላይ ተቀምጧል። ሚልተን ታስሮ ተፈታ፤ አንገቱ የተረፈው ለጥቂት ነው።

በ1667 «የጠፋችው ገነት» የተሰኘው ረጅም ግጥሙ ታተመ። ለደራሲው በቅድሚያ የተከፈለው 5 ፓውንድ ነው። ከ10 ሺህ በላይ የሆነውን ስንኝ ሌሊት በቃሉ እያሰናዳ ጠዋት ለሰው ያስጽፍ ነበር፤ ጸሐፊው ሲያረፍድበት ራሱን ሳትታለብ እንደዋለች ላም ይቆጥር ነበር ይባላል።

እንግዲህ ለንጉሥ መገደል የተሟገተ ሰው፣ በግጥሙ ዐመፀኛውን ሳጥናኤል አደረገው። ያውም አንደበተ ርቱዕ ሳጥናኤል፤ ስለ ነጻነት ሲናገር ልብ የሚሰርቅ። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ባለቅኔው ዊልያም ብሌክ፣ ሚልተን ሳይታወቀው ከሰይጣን ወገን ነበር እስከ ማለት ደረሰ። እኔ አልስማማም፤ ብሌክ አብዲኤልን ዘንግቶታል።

አብዲኤል በግጥሙ ውስጥ ከሱራፌል ወገን የሆነ መልአክ ነው። የመላእክት ሲሶ ከሳጥናኤል ጋር ባመፀበት ጉባኤ ብቻውን ተነሥቶ «አይሆንም» ይላል። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት፣ ሳጥናኤል ፈጣሪ ነኝ ባለ ጊዜ መላእክቱን በያሉበት ያጸናቸው ገብርኤል ነው፤ እሱን የሰሙት ጸኑ። አብዲኤልን ግን የሰማው የለም። ዘለፉት፤ ጀርባውን ሰጥቷቸው ሌሊቱን ሙሉ ብቻውን ተጓዘ። ወዳጆቹ ተሰቅለው እሱ የቀረው ዐይነ ስውር ይህን ሲያስጽፍ ስለ ማን እያሰበ እንደነበር መገመት አይከብድም።

አብዲኤል ባይኖር የሚልተን ክርክር አይቆምም። በግጥሙ ውስጥ እግዚአብሔር አዳም እንደሚወድቅ አስቀድሞ ያውቃል፤ ማወቁ ግን አልገፋውም። የጸናም በፈቃዱ ጸና፣ የወደቀም በፈቃዱ ወደቀ፤ በግድ የተገኘ ታዛዥነት ለፈጣሪም ደስታ አይሰጥም። ሚልተን ይህንኑ ሐሳብ በ1644 የመጻሕፍት ቅድመ ምርመራን ሲቃወም አንሥቶት ነበር።

የግጥሙ አራተኛው መጽሐፍ ላይ ደግሞ አገራችን ትመጣለች። ሚልተን ገነትን ሲያወድስ፣ የሐበሻ ነገሥታት ልጆቻቸውን የሚያስጠብቁበት የአማራ ተራራ እንኳ አይደርስባትም ይላል። የአውሮፓ ተጓዦች ወሬ ያደረሰለት አምባ ግሸንን መሆኑ ነው። እዚያ መሳፍንቱ የሚጠበቁት ወጥተው ዙፋን እንዳይሻሙ ነበር። የሚልተን ገነትም ዘበኛ አላት፤ ገብርኤል በሯ ላይ የቆመው ግን ጠላት እንዳይገባ ነው። ሰይጣን በጉርጥ አምሳል ከተኛችው ሔዋን ጆሮ ሥር አድፍጦ ሳለ ይያዛል፣ ይባረራልም። ተመልሶ በመጣ ጊዜ ግን የሔዋንን እጅ የያዘ የለም።