ተማሪው ወደ ጠቅላይ ግዛት ሲወርድ መምህሩ ወዴት ነበር?

ተማሪ ከክፍል ወጥቶ በሥራ ቦታ እንዲለማመድ ማድረግ በአገራችን የከፍተኛ ትምህርት ታሪክ አዲስ ነገር አይደለም። ይሁን እንጂ ልምምዱን የሚመራው ማን ነው፤ የሚመዝነውስ ማን ነው የሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ሲዘነጋ ኖሯል። በዚህ አጭር ጽሑፍ የጐንደርን የጤና ኮሌጅና የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲን የአገልግሎት ደንብ አነጻጽረን፣ ልዩነታቸው ምን እንደሚያስተምረን ለማሳየት እንሞክራለን።

የጐንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ በ1947 ዓ.ም. ተከፈተ። መንግሥት ያቋቋመው በዓለም ጤና ድርጅት፣ በዩኒሴፍና በአሜሪካ መንግሥት ርዳታ ነው። በዚያ ዘመን ሐኪም እጅግ ጥቂት ስለ ነበረ፣ ኮሌጁ ለገጠሩ ሕዝብ የሚደርሱ የጤና መኰንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና አጠባበቅ ባለሙያዎችን ያሠለጥን ነበር። ሦስቱም ወደፊት በአንድ ጤና ጣቢያ አብረው እንዲሠሩ ስለ ታሰበ፣ በትምህርት ላይ ሳሉም በቡድን ሆነው ወደ ማሠልጠኛ ጤና ጣቢያ ይላኩ ነበር። እዚህ ላይ ልናስተውለው የሚገባን፣ ጤና ጣቢያው ራሱ የማስተማሪያ ቦታ መሆኑን ነው። ተማሪው ቢሳሳት ጉዳቱ የሚደርሰው በበሽተኛው ላይ ነውና፣ ያለ አስተማሪ ዓይን መተው የማይታሰብ ነበር።

የዩኒቨርሲቲው አገልግሎት ግን የተለየ መልክ ነበረው። የዩኒቨርሲቲው መምህራን ጉባኤ ባወጣው ደንብ መሠረት፣ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ተማሪ ሁሉ ዲግሪውን ከመቀበሉ በፊት አንድ የትምህርት ዓመት በአገልግሎት እንዲያሳልፍ ተደረገ። አንዳንዶቹ በሙያቸው በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ሲመደቡ፣ የሚበዙት በየጠቅላይ ግዛቱ ትምህርት ቤቶች አስተማሪዎች ሆኑ። አሳቡ መልካም ነበር፤ ትምህርት ቤቶቹ አስተማሪ አገኙ፤ የከተማው ተማሪም የአገሩን ሕዝብ ኑሮ በዓይኑ አየ።

ሆኖም ኤኮኖሚ ወይም ሕግ ያጠና የነበረው ወጣት በአንድ ሩቅ ከተማ ሒሳብ ወይም እንግሊዝኛ ሲያስተምር፣ የራሱ መምህራን አዲስ አበባ ቀሩ። ለዚህም ምክንያት ነበረው። መምህራኑ ጥቂቶች ነበሩ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ የውጭ አገር ሰዎች ነበሩ፤ መንገዱም ሩቅ ነው። ስለዚህ መምህራኑን ብቻ መውቀስ ተገቢ አይመስለንም። ነገር ግን አገልግሎቱን የዲግሪ ግዴታ ያደረገው የመምህራኑ ጉባኤ ከሆነ፣ ከአገልግሎቱ የተገኘውን ዕውቀት የመመርመር ኃላፊነቱም በዚያው በጉባኤው ላይ የሚወድቅ ነው።

በ1967 ዓ.ም. የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ሲጀመር ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ዘመቱ። በዚያን ጊዜ ተማሪው የሚታዘዘው ለመምህሩ ሳይሆን ለዘመቻው መምሪያ ነበር፤ መምህሩም ራሱ ዘማች ሆነ። በ1970ዎቹ የተቋቋመው የጅማ ጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ግን ትምህርቱን በኅብረተሰቡ ውስጥ እንዲሰጥ ሲያደርግ፣ ወደ ጐንደሩ ሥርዓት የቀረበ መንገድ ያዘ።

ዛሬ የምሕንድስና ተማሪዎች አንድ መንፈቀ ዓመት በፋብሪካና በግንባታ ቦታ ያሳልፋሉ። ጥያቄው ያው የቀድሞው ነው። ማኅተም ያለበት የድርጅት ደብዳቤ ተማሪው በቦታው መገኘቱን ይመሰክር ይሆናል፤ መማሩን ግን ሊመሰክር አይችልም። በእኛ አስተያየት መምህሩ ተማሪው ከመሄዱ በፊት ምን እንደሚማር አብሮት ሊወስን፣ በሥራው ቦታ ሄዶ ሊያየው፣ ሲመለስም ያየውንና የሠራውን ሊያስረዳው ሊጠይቅ ይገባል። በቤተ ክህነት ትምህርት ቤት ከፍ ያለው ደቀ መዝሙር ታናሹን ሲያስቀጽል፣ የኔታ በአቅራቢያው ተቀምጠው ያዳምጡ ነበር። ተማሪው ራቅ ብሎ ቢሄድም ይህ ጆሮ ከእርሱ ሊለይ አይገባም።