ጓሳ የለበሰው ቤት

እንግዲህ ስሙኝ። የአያታችን ቤት ያለው መንዝ ነው፤ ሌሊቱ አጥንት ድረስ በሚዘልቅበት፣ ሰው ባና ደርቦ በሚያድርበት አገር። እንጨት እንደ ልብ አይገኝም፤ ድንጋይ ግን ሞልቷል። ስለዚህ መንዜ ቤቱን በድንጋይ ይገነባል፣ ድንጋዩን በጭቃ ያያይዛል፣ ጣሪያውን በጓሳ ሣር ይከድናል። አያታችን የተዉልንም እንዲህ ያለውን ቤት ነው፤ ክብ፣ ግድግዳው ከክንድ የሚወፍር፣ ውስጡ መደብና ቆጥ ያለው።

አያታችን እቴቴ ካረፉ ወዲህ ሰባት ክረምት ሰው አላደረበትም። ስንደርስ ጉልላቱ ዘሟል፤ ሣሩ በስብሶ ምሰሶው ላይ ውኃ ይንጠባጠባል። ቤቱን የጎዳው እሳት ማጣቱ ነበር። ኩበት ሲነድ ጭሱ በሣሩ መሐል እየተጣራ ይወጣል፤ ወራጁና ማገሩ ላይ የሚቀረው ጥቀርሻ ነቀዙን ያርቃል፣ ሣሩንም ያደርቃል። ምድጃው ከቀዘቀዘ ጣሪያው ብዙ አይቆይም።

የመጀመሪያው ሥራችን ስሕተት ነበር። አንድ ግንበኛ አምጥተን ግድግዳውን ከውጭ በሲሚንቶ አስለሰንነው። ያማረ መስሎን ሄድን። ክረምቱ ሲወጣ ብንመለስ ልስኑ ከነድንጋዩ አብጦ ተገሽልጧል። ጎረቤታችን ሽማግሌው በመቋሚያቸው እየነካኩ፣ «ልጆቼ፣ ጭቃ ርጥበቱን ይጠጣል፤ ፀሐይ ሲያገኝ መልሶ ይተፋዋል። እናንተ አፉን ደፈናችሁት» አሉን። ሲሚንቶውን ፈልፍለን አወጣን። ጭቃውን ከጭድ ጋር በእግራችን ረግጠን፣ አቡክተን አሳደርነውና በእጃችን መረግነው። ያ ምርግ እስከ ዛሬ አልተሰነጠቀም።

ከዚያ የጣሪያው ነገር መጣ። ዘመድ ሁሉ «ቆርቆሮ አልብሱት» አለ። አልፈርድባቸውም፤ ሣር እየጠፋ፣ ድካሙም እየከበደ ነው። ነገር ግን ቆርቆሮ ሌሊት ብርዱን ያወርዳል፣ ቀን ይፋጃል፤ በረዶ ሲጥል ደግሞ ከጎንህ የተቀመጠውን ሰው አትሰማውም። እኛ ጓሳ አልን።

ጓሳን የማታውቁ ካላችሁ፣ ሣሩም ስሙ ጓሳ ነው፣ የሚበቅልበት ደጋም ጓሳ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 ሜትር የሚጀምር፣ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ የሚኖሩበት ሜዳ። እረኛው ለዝናብ የሚደርበው ገሳ የሚሠራው፣ ገመዱም የሚገመደው ከዚሁ ሣር ነው። የመንዝ ሰው ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በሚባል ሥርዓት ሲጠብቀው ኖሯል። የአቅኚ አባቶቹ የአስቦና የጌራ ዘሮች አለቃ ይመርጡ ነበር፤ አለቃው ሜዳውን ለዓመታት ይዘጋ፣ ሣሩ ሲደርስ ይከፍት ነበር። ከመከፈቱ በፊት ማጭድ ያነሣ ይቀጣ ነበር። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሲመጣ ሥርዓቱ ፈረሰ። ሕዝቡ ግን ጨርሶ አልተወውም፤ ኋላ በኮሚቴ ተደራጅቶ ጥበቃውን ቀጠለ።

እኛም ወረፋችንን ጠበቅን። ገንዘብ ይዘን ብንመጣም ያልተከፈተ ሜዳ አይታጨድም፤ ይህን ሳስበው ዛሬም ደስ ይለኛል። አያቶቻችንም የከደኑት እንዲሁ ጠብቀው ነው።

በደቦው ቀን ሰው ከየአቅጣጫው መጣ። ወጣቶቹ ነዶውን ይወረውራሉ፣ ከዳኙ ከክፈፉ ጀምሮ እየደራረበ፣ እያሰረ ወደ ጉልላቱ ይወጣል። ሴቶቹ ጠላውን ያወርዳሉ። ሽማግሌው ከታች ሆነው «እዚያ ጋ ሳሳ!» ይላሉ፤ ከዳኙም ሳይከራከር ይደግማል። ሲመሽ ኩበት አነደድን። ጭሱ መጀመሪያ ዐይናችንን አስለቀሰን፤ ቆይቶ ሣሩን እያለፈ ወጣ። ያን ሌሊት ዘነበ፤ አንድ ጠብታ አልገባም።

አሁን በየዓመቱ ለሁለት ወር እንኖርበታለን፤ በተረፈው ጊዜ የጎረቤት ልጅ ያድርበታል፣ እሳቱንም አያጠፋም። እናንተም በገጠር የተዘጋ የአያት ቤት ካላችሁ፣ ሲሚንቶና ቆርቆሮ ከመግዛታችሁ በፊት ከፍታችሁ ግቡ፣ እሳት አንድዱበት።