ከነጓዙ፦ የ20 ዶላር ሰዓት በስንት ይሸጣል?

የደመወዝ ጓዝ ማለት አሠሪ ለሠራተኛው በሰዓት ከሚከፍለው ገንዘብ ሌላ፣ ያንኑ ሰዓት ለማሠራት ሲል የሚያወጣው ወጪ ነው። የአሜሪካ የሒሳብ ሰዎች «ሌበር በርደን» ይሉታል። ቃሉ የኖረው በትልልቅ ድርጅቶች መዝገብ ውስጥ ነው፤ አብዝቶ የሚያስፈልገው ግን አንድ ፒክአፕ፣ አንድ ቅጠል መንፊያና ሁለት ሠራተኛ ይዞ የሰው ግቢ ለሚያጸዳ ነጋዴ ነው። በዋሽንግተን ዙሪያ ይህን ሥራ የሚሞክሩ የእኛ ሰዎች አሉ፤ ቤት ገዝተው ቅጠል በረገፈ ቁጥር ግቢያቸውን የሚያስጸዱት ደግሞ ይበዛሉ። ማብራሪያው ለሁለቱም ነው፤ የሚጨቃጨቁት አንድ ቁጥር ላይ ስለሆነ።

«በርደን»ን መዝገበ ቃላት ሸክም ይለዋል። «የጉልበት ሸክም» ብንል አንባቢው የሚያስበው ጆንያ የተሸከመ ሰው ነው፤ «የሠራተኛ ሸክም» ካልነው ደግሞ ሠራተኛው ራሱ ሸክም ሆኖ ቁጭ ይላል። «ተጓዳኝ ወጪ» ስህተት የለበትም፣ ግን የቢሮ ቃል ነው። ጓዝ የተመረጠው «ከነጓዙ» የሚለው አነጋገር በሁሉም አፍ ላይ ስላለ ነው። «ለሠራተኛው በሰዓት 20 ዶላር እከፍላለሁ፤ ከነጓዙ ግን 30 ይደርሳል» ቢባል ማንም ማብራሪያ አይጠይቅም።

እንግዲህ ጓዙን እንፍታው። ከላይ ያለው የመንግሥት ነው። አሠሪው ከደመወዙ 6.2 በመቶ ለሶሻል ሴኩሪቲ፣ 1.45 በመቶ ለሜዲኬር፣ በድምሩ 7.65 በመቶ ከራሱ ኪስ ይከፍላል። ከሠራተኛው የሚቆረጠው ተመሳሳይ መጠን ሌላ ነው፤ ሁለቱን የሚያምታታ ብዙ ነው። ቀጥሎ የሥራ አጥነት መድን አለ። የክልሉን ድርሻ በወቅቱ የከፈለ አሠሪ የፌዴራሉ የሚደርሰው በመጀመሪያው 7,000 ዶላር ደመወዝ ላይ 0.6 በመቶ፣ ማለትም በዓመት ለአንድ ሰው 42 ዶላር ብቻ ነው። ሜሪላንድ ደግሞ የመጀመሪያውን 8,500 ዶላር ታያለች፤ ለአዲስ አሠሪ በ2.6 በመቶ ቢሰላ 221 ዶላር ይሆናል። ከዚያ የሥራ ላይ ጉዳት መድን፣ በተለምዶ «ወርከርስ ኮምፕ» የምንለው፣ ይመጣል። ይህ በየመቶ ዶላር ደመወዝ የሚተመን ሲሆን እንደ ሥራው ዓይነት ይለያያል። ቅጠል ሰብሳቢና ዛፍ ላይ ወጥቶ ቅርንጫፍ የሚቆርጥ ሰው አንድ ዋጋ አይከፈልባቸውም፤ የዛፉ በጣም ይወደዳል። «እግረ መንገድህን ያቺን ቅርንጫፍ ጣልልኝ» ለሚል ደንበኛ በነጻ እሺ ማለት ከባድ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። በመጨረሻ የሕመም ፈቃድ አለ፦ በሜሪላንድ ሕግ ሠራተኛ በየ30 ሰዓቱ ሥራ 1 ሰዓት ፈቃድ ያጠራቅማል። የሚከፈልበት ይሁን አይሁን በድርጅቱ ስፋትና በካውንቲው ይወሰናል።

የጓዙ ትልቁ ቁራጭ ግን በየትኛውም ቅጽ ላይ አይገኝም። እሱም የማይሸጠው ሰዓት ነው። ሠራተኛው ጠዋት መጥቶ መሣሪያ ይጭናል፣ ማደያ ይቆማል፣ ቤልትዌይ ላይ መኪና ተጨናንቆ ይጠብቃል፣ ከሰዓት በኋላ የተሰበሰበውን ሊደፋ ሻዲ ግሮቭ ወዳለው የካውንቲው ማራገፊያ ሄዶ ይሰለፋል። የ8 ሰዓት ይከፈለዋል፤ ደንበኛው ግቢ ውስጥ የቆየው ምናልባት 6 ሰዓት ተኩል ነው። ለቀረው ሰዓት ተኩል ደንበኛ ነጥሎ አይከፍልም፤ በተሸጡት ሰዓታት ላይ ካልተጫነ ከነጋዴው ይወጣል።

ቁጥሩን አንድ ጊዜ አብረን እንሥራው። ሞንትጎመሪ ካውንቲ ውስጥ ሁለት ሠራተኞች ያሉት ድርጅት እንበል። ሠራተኞቹ በሰዓት 20 ዶላር ያገኛሉ፣ በዓመት እያንዳንዳቸው የ1,200 ሰዓት ይከፈላቸዋል። 7.65 በመቶው በሰዓት 1.53 ዶላር ነው። ሁለቱ የሥራ አጥነት ክፍያዎች ለ1,200 ሰዓት ሲካፈሉ 22 ሳንቲም ይወጣቸዋል። ኢንሹራንሱ ለጉዳት መድኑ ከመቶ 8 ዶላር ጠየቀ እንበል፤ 1.60 ነው። የሕመም ፈቃዱ የሚከፈልበት ከሆነ 67 ሳንቲም። ድምሩ 24.02 ዶላር። ይህን በ8 ሰዓት አብዝተን ለ6 ሰዓት ተኩል ስናካፍለው 29.56 ይመጣል።

ከ20ው በላይ የመጣው 9.56 ዶላር እንዴት እንደተከፋፈለ ልብ ይበሉ። መንግሥት፣ ኢንሹራንስና የሕመም ፈቃድ አንድ ላይ የወሰዱት 4.02 ነው፤ 5.54ቱን የበላው መንገዱና ሰልፉ ነው። ብዙ ነጋዴ የሚያማርረው ግብሩን ነው፤ ሊያስተካክለው የሚችለው ግን ሁለተኛውን ነው። የዊተን ደንበኞቹን በአንድ ቀን፣ የጌይዘርስበርጎቹን በሌላ ቀን አድርጎ የተሸጠውን ሰዓት ወደ 7 ከሩብ ቢያደርሰው፣ ያው ሠራተኛ ከነጓዙ 26.50 ይሆናል። ማንንም ሳይበድል በሰዓት 3 ዶላር አገኘ ማለት ነው። ዋጋ ለመቀነስ ለሚፈልግ ሰው ከዚህ የሚሻል መንገድ እኔ አላውቅም።

የደመወዝ ጓዝ እዚህ ላይ ያበቃል፤ ዋጋው ግን ገና ነው። መኪናው፣ የመኪናው ኢንሹራንስ፣ የሰው መስኮት ቢሰበር የሚከፍለው የተጠያቂነት መድን፣ መሣሪያው፣ ስልኩ፣ ሒሳብ ሠራተኛው አሉ። እነዚህ ሥራ ኖረም አልኖረም ይከፈላሉ። በምሳሌአችን ለዓመቱ 18,000 ዶላር እንያዝላቸው። ሁለቱ ሠራተኞች በዓመት የሚሸጡት ሰዓት በድምሩ 1,950 ስለሆነ በሰዓት 9.23 ይደርሳል። አሁን 38.79 ላይ ነን፤ እስካሁን የትርፍ ሽታ የለም።

በዚህ ሂሳብ ውስጥ ሰሞኑን የከበደው መሣሪያው ነው። ዋሽንግተን ዲሲ በቤንዚን የሚሠራ ቅጠል መንፊያን ከጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ጀምሮ ከልክላለች፤ ሞንትጎመሪ ካውንቲም ሽያጩን በጁላይ 2024፣ አጠቃቀሙን በጁላይ 2025 አግዷል። ጎረቤት ከጩኸቱ አርፏል፣ ሠራተኛውም ጭሱን አይስብም፤ መልካም ሕግ ነው ብዬ አምናለሁ። ነጋዴው ግን ቀኑን የሚያደርሱ ትርፍ ባትሪዎችና ቻርጀር መግዛት አለበት፣ ባትሪም ያረጃል። የዛሬ አምስት ዓመት ዋጋ ይዞ የዛሬን ግቢ የሚያጸዳ ሰው ይህን ከየት እንደሚያመጣው አይገባኝም።

ትርፍ ላይ ብዙ ሰው የሚወድቅባት ትንሽ ጉድጓድ አለች። «15 በመቶ አተርፋለሁ» ያለ ሰው 38.79ን በ1.15 አብዝቶ 44.61 ይላል። ይህ ግን በወጪ ላይ የተጨመረ 15 በመቶ ነው፤ ከተቀበለው ገንዘብ ሲታይ ትርፉ 13 በመቶ ብቻ ነው። ከእያንዳንዱ የተሸጠ መቶ ዶላር 15 እንዲቀር ከተፈለገ ወጪውን ለ0.85 ማካፈል ነው፤ 45.64 ይመጣል። ልዩነቱ በሰዓት አንድ ዶላር ያህል፣ በዓመቱ 1,950 ሰዓት ደግሞ 2,000 ዶላር ገደማ ነው። ባለቤቱ ራሱ ሬክ የሚያነሳ ከሆነ የእሱም ሰዓት እንደ ሠራተኛ ሰዓት ይቆጠር። ትርፍ የባለቤቱ ደመወዝ አይደለም፤ ማርሽ ሲሰበር፣ ጃንዋሪና ፌብሩዋሪ ሥራ ሲጠፋ የሚበላ ነው።

46 ዶላር ብለን እናጠጋጋው። ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ያለ አንድ ግቢ ለሁለት ሰው 5 ሰዓት ቢፈጅ 10 የሰው-ሰዓት ነው፤ 460 ዶላር። የመድፊያውን 40 ስንጨምር 500 ይሆናል። በግምት የሚነግድ ሰው ግን «ለልጆቹ 200 እከፍላለሁ፣ ለእኔ 100» ብሎ 300 ይጠራል። እውነተኛ ወጪው 388 ከመድፊያው 40 ጋር 428 ነበር። ስለዚህ ግቢውን አጽድቶ፣ ተመስግኖ፣ 128 ዶላር መርቆ ወጥቷል። በዕለቱ አይታየውም፤ ግብሩ በየሦስት ወሩ፣ ኢንሹራንሱ በዓመት፣ የመኪናው ጥገና ደግሞ በፈለገው ቀን ነው የሚመጣው። እስከዚያ ኪሱ ውስጥ ያለው 100 ዶላር ትርፍ ይመስላል።

10 የሰው-ሰዓት መሆኑ በምን ታወቀ? ይህን በስልክ ፎቶ ማወቅ አይቻልም፤ ግቢውን በእግር መዞር ነው። እርጥብ ቅጠል ከደረቁ እጅግ ይከብዳል። ወደ ጓሮ የሚያስገባው በር ጋሪ ካላሳለፈ ሁሉም ነገር በሸራ እየተጎተተ ይወጣል። አጥር ላይ የተጠመጠመው ሐረግ ቅጠሉ ሦስት ሦስት ከሆነ ፖይዘን አይቪ ሊሆን ይችላል፤ ቆዳ ስለሚያቃጥልና ስለሚያሳክክ ጓንትና ረጅም እጅጌ ይጠይቃል፣ ማቃጠል ደግሞ ፈጽሞ አይሞከርም፣ ጭሱ ሳንባ ይጎዳልና። ሦስት ዓመት ያልተነካ ግቢ እና ባለፈው ጸደይ የተጸዳ ግቢ ስፋታቸው እኩል ቢሆን እንኳ ዋጋቸው አይቀራረብም። ከሁሉም በላይ የሚወስነው ቅጠሉ የት ይሄዳል የሚለው ነው። በአንዳንድ የሞንትጎመሪ ሰፈሮች መንገድ ዳር የተከመረውን ቅጠል የካውንቲው መምጠጫ መኪና መጥቶ ያነሳዋል፤ እዚያ መጫንም ሰልፍም የለም። ማልች ይልበስ ከተባለ ሂሳቡ ቀላል ነው፤ አንድ ኪዩቢክ ያርድ በ3 ኢንች ውፍረት 108 ካሬ ጫማ ያህል ይሸፍናል። የማልቹ ዋጋ ግን ከሰዓቱ ተለይቶ ይጻፍ።

ጓዙን ጨርሶ አራግፎ መጣል የሚሻ ሰው አለ። ሠራተኛውን በ1099 ወረቀት «ኮንትራክተር» ያደርገዋል፣ ወይም በጥሬ ገንዘብ ይከፍለዋል። ሜሪላንድ በ2009 ያወጣችው የሥራ ቦታ ማጭበርበር ሕግ በተለይ ከሚመለከታቸው ሁለት ዘርፎች አንዱ ይኸው የግቢ ሥራ ነው፤ ሌላው ግንባታ ነው። ሕጉ የሚነሳው የሚሠራው ሰው ተቀጣሪ ነው ከሚል ግምት ነው፣ አይደለም የሚለው ራሱ ማስረዳት አለበት። ጠዋት የሚመጣበትን ሰዓት አንተ ከወሰንክ፣ መሣሪያው ያንተ ከሆነ፣ ወደ ሥራው የሚሄደው ባንተው መኪና ከሆነ፣ ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ቃል አያድንህም። ጓዙም የትም አልሄደም። ጣቱ የተቆረጠ ዕለት ሠራተኛው ይሸከመዋል። በ300 ዶላር የሚሠሩት ሁሉ አጭበርባሪ ናቸው ማለቴ አይደለም፤ የሚበዛው ሂሳቡን ያልሠራ ነው።

ወደ ደንበኛው እንምጣ። የእኛ ሰው ሲሆን ድርድሩ ዝምድና ይገባበታል።

«አንተ ልጅ፣ የአገርህ ሰው ሆኜ 500 ትለኛለህ? ፈረንጁ ጎረቤቴ በ300 ነው ያሠራው።»

እዚህ ላይ ወደ 350 መውረድ የለመደ ነው። ግን ሰዓቱ ከነሙሉ ወጪው 38.79 ያስወጣል፤ ለአገር ልጅ ሲባል ኢንሹራንሱ አይቀንስም። መቀነስ ያለበት ሥራው ነው።

«እትዬ፣ ቅጠሉን ጭነን ከምንሄድ መንገድ ዳር ብንከምረው ካውንቲው ያነሳልዎታል። የመድፊያው 40 እና የሁለት የሰው-ሰዓት ሥራ ይቀርልኛል፤ 368 ይሁንልዎ።»

ደንበኛዋ የቀነሰችውን ታውቃለች፣ እሱም የተወውን ያውቃል። ሠራተኛው 20 እያገኘ አሠሪው 46 መጠየቁን የምትጠረጥር ካለችም መልሱ ከእጅ አይርቅም፦ ለአሠሪው የሚቀረው 7 ዶላር ገደማ ነው፣ እሱም ሁሉ ነገር በታሰበው መሠረት ከሄደ።

ኢስቲሜት ሲጻፍ የሰዓት ዋጋን ለደንበኛ መዘርዘር ግዴታ አይደለም፤ እኔ እንዲያውም አንድ ጥቅል ዋጋ ይሻላል ባይ ነኝ። ሰዓት የሚቆጥር ደንበኛ መስኮት ላይ ቆሞ ሠራተኛው ውሃ ሲጠጣ ያያል። ጥቅል ዋጋ ግን ድንበር ይፈልጋል። የፊት ግቢና ጓሮ፣ የቅጠልና የደረቀ ተክል ማንሳት፣ መድፊያ ተካቷል፤ ጉቶ፣ ፖይዘን አይቪና የጣሪያ አሸንዳ አልተካተተም። አሸንዳውን ማጽዳት መሰላል መውጣት ነው፣ ዋጋውም ለብቻው ነው።

ቁጥሮቹ በየዓመቱ ይለወጣሉ። የሥራ አጥነት መድኑን አዲስ ተመን ክልሉ በዓመቱ መጀመሪያ ይልካል። የጉዳት መድን ኩባንያው ደግሞ ውሉ ሲያልቅ የደመወዝ መዝገብ አስቀርቦ ይመረምራል፤ ከተገመተው በላይ ደመወዝ ተከፍሎ ከሆነ የጎደለውን ያስከፍላል፣ ቅጠል ሰብሳቢ ተብሎ የተመዘገበው ሰው ዛፍ ሲቆርጥ ከዋለም ያንን በዛፉ ተመን ይተምነዋል። የእያንዳንዱ ሠራተኛ ሰዓት በየቀኑ፣ በየሥራው ዓይነት ተለይቶ የተጻፈበት ደብተር ያለው ነጋዴ ለሁለቱም አንድ መዝገብ ይበቃዋል፤ ለመርማሪው የሚያሳየውም፣ የሚቀጥለውን ዓመት 6 ሰዓት ተኩል የሚያሰላበትም እሱ ነው።