እግር ኳስና ብሔራዊ ማንነት በአልጄሪያ

አልጄሪያ መንግሥት ሳታቆም ብሔራዊ ቡድን ያቆመች አገር ናት። በ1830 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የጀመረው የፈረንሳይ ቅኝ አገዛዝ ያከተመው በ1962 ሲሆን፣ በስሟ የሚጫወተው ቡድን ግን ከአራት ዓመት በፊት ቱኒስ ውስጥ ተመሥርቷል።

እግር ኳስን ያመጡት ፈረንሳውያን ናቸው። ሆኖም በ1921 አልጀርስ ውስጥ የተቋቋመው ሙሉዲያ ክለብ በአረንጓዴና ቀይ ማሊያው ሙስሊሙን ሕዝብ ከሰፋሪዎቹ ክለቦች ለይቶ የሚያሰባስብ ሆነ።

በኤፕሪል 1958 በፈረንሳይ ክለቦች የሚጫወቱ አልጄሪያውያን በብሔራዊ ነፃ አውጪ ግንባር ጥሪ ይህን ቡድን ቱኒስ ላይ ለመመሥረት በድብቅ ከአገሪቱ ወጡ። የሞናኮው ተከላካይ ሙስጠፋ ዚቱኒ በዚያው ዓመት ለፈረንሳይ በዓለም ዋንጫ ይሰለፋል ተብሎ ይጠበቅ ነበር። የሴንት ኤትየኑ አጥቂ ራሺድ መኽሉፊ ደግሞ የሴቲፍ ልጅ ነው፤ በ1945 በከተማዋና በአካባቢዋ የፈረንሳይ ኃይሎች ሕዝብ ሲጨፈጭፉ ገና ሕፃን ነበር። ሲወጣ በፈረንሳይ ጦር ውስጥ ግዴታውን እየተወጣ ስለነበር አድራጎቱ ከጦር እንደ መክዳት የሚቆጠር ነበር።

ፊፋ ለቡድኑ ዕውቅና ነፈገው። ቡድኑ ግን ከሰሜን አፍሪካ እስከ ምሥራቅ አውሮፓ፣ ቻይናና ቬትናም እየዞረ ተጫወተ። በየሜዳው ገና ያልተወለደ መንግሥት ባንዲራ ይሰቀል፣ መዝሙሩም ይዘመር ነበር። ከውጤቱ ይልቅ ዋናው ቁም ነገር ይህ ነበር ማለት ይቻላል።

ታሪኩ ብዙ ጊዜ ከፈረንሳይ ጋር ፈጽሞ እንደ መቆራረጥ ይተረካል። መኽሉፊ ግን ከነፃነት በኋላ ወደ ሴንት ኤትየን ተመልሶ ሦስት ጊዜ የሊግ ሻምፒዮን ሆኗል፤ በ1968ቱ የፈረንሳይ ዋንጫ ፍጻሜም ሁለቱንም ጎሎች አስቆጥሯል። በ1982 የዓለም ዋንጫ ምዕራብ ጀርመንን 2ለ1 ያሸነፈውን የአልጄሪያ ቡድን ካሠለጠኑት አንዱም እሱ ነበር። ጀርመንና ኦስትሪያ ሁለቱንም በሚያሳልፍ 1ለ0 ውጤት ሲለያዩ አልጄሪያ ወደቀች፤ በዚህ ቁጣ የተነሣ የምድብ የመጨረሻ ጨዋታዎች በተመሳሳይ ሰዓት እንዲካሄዱ ተወሰነ።

ኳሱ ሁልጊዜ መንግሥትንና ሕዝብን አንድ አላደረገም። የበርበር ማንነት ማሳያ የሆነው የቲዚ ኡዙው ክለብ ደጋፊዎች በ1977 የዋንጫ ፍጻሜ በፕሬዚዳንት ቡመዲየን ፊት ተቃውሟቸውን አሰሙ፤ ክለቡም ስሙን እንዲቀይር ተገደደ። በ2019 ደግሞ ከስታዲየም የወጡ ዝማሬዎች ፕሬዚዳንት ቡተፍሊካን ከሥልጣን ባወረደው ሰልፍ ላይ ተዘመሩ፤ ከወራት በኋላ ብሔራዊ ቡድኑ ካይሮ ላይ ሴኔጋልን 1ለ0 ረትቶ የአፍሪካን ዋንጫ ወሰደ። አምበሉ ሪያድ ማህሬዝም ሆነ አሠልጣኙ ጀማል በልማዲ ፈረንሳይ የተወለዱ ናቸው።

ፈረንሳይ የተወለዱ ተጫዋቾች ለአልጄሪያ መሰለፋቸው እንዲሁ የመጣ አይደለም። በወጣት ቡድን ለሌላ አገር የተጫወተ ሰው ከ21 ዓመቱ በኋላ አገር እንዳይቀይር ይከለክል የነበረውን ደንብ ፊፋ በ2009 ያነሣው በአልጄሪያ ፌዴሬሽን ሐሳብ አቅራቢነት ነው። በ2001 ከፈረንሳይ ጋር ከ17 ዓመት በታች የዓለም ሻምፒዮን የነበሩት ሙራድ መግኒና ሐሰን የብዳም በዚሁ የደንብ ለውጥ የአልጄሪያን ማሊያ ለበሱ።