የሠራው ይመሰገናል፤ የጠገነውስ?

ውድ አንባቢ ሆይ! ስለ ውሃ የተጻፉ ታሪኮችን ብታገላብጥ በብዛት የምታገኘው የጀማሪዎችን ስም ነው። ጉድጓዱን ማን አስቆፈረ? ግድቡን ማን አስገነባ? ቧንቧውን መርቆ የከፈተው ማን ነው? በድንጋይ ላይ የሚቀረጸውም የእነዚሁ ስም ነው። ውሃ ግን አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚተው ነገር አይደለም። ድንጋዩ ይሰነጠቃል፤ ብረቱ ይዝጋል፤ ቦዩ በደለል ይሞላል። አንድ የውሃ ሥራ ከመቶ ዓመት በኋላም ሰው የሚያጠጣ ከሆነ፣ በመካከል የጠገነው ስለነበረ ነው። ዛሬ የምናወጋው ስለ እነዚህ ስማቸው ስለማይነሳ ሰዎች ነው።

ሐጅ ያደረጉ ወገኖቻችን የዐይን ዙበይዳን ስም ሳይሰሙ አይቀሩም። ዙበይዳ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር (እ.ኤ.አ.) ከ786 እስከ 809 የገዛው የአባሲያው ኸሊፋ የሃሩን አር-ረሺድ ባለቤት ነበረች። ሐጃጆች በመካ በውሃ ጥም መቸገራቸውን አይታ፣ ከራሷ ሀብት ወጪ አድርጋ፣ ከሩቅ ሸለቆዎች በተራሮች ሥር አቋርጦ የሚመጣ ቦይ አሠራች። አላህ ይዘንላት።

ብዙዎቻችን ታሪኩን እዚህ ላይ እንዘጋዋለን። ታሪኩ ግን ከዚያ በኋላ ለብዙ መቶ ዓመታት ቀጥሏል። ቦዩ በጎርፍ ተደርምሷል፤ በአሸዋ ተደፍኗል፤ መካም ተመልሳ ተጠምታለች። በ726 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 1326 ገደማ) ፋርስንና ኢራቅን ይገዛ የነበረው የሞንጎሎች መንግሥት ታላቅ አሚር ቹባን የተበላሸውን አስጠግኖ ውሃውን ወደ መካ መለሰው። ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ዳግም ሲበላሽ ደግሞ የዑስማኒያው ሱልጣን የሱለይማን ልጅ ሚህሪማህ ሱልጣን ወጪውን ሸፈነች። እ.ኤ.አ. በ1560ዎቹ የተጀመረው ይህ ሥራ አሥር ዓመት ገደማ ፈጀ። ሠራተኞቹ ከአለት ጋር ሲጋጠሙ በላዩ እንጨት እያነደዱ፣ በእሳት ሲሰነጠቅላቸው በዶማ ይፈለፍሉት ነበር። የነዚያ ቆፋሪዎች ስም የት አለ? ቦዩ ግን ዛሬም የሚጠራው በመጀመሪያዋ አሠሪ ስም ነው።

የጥንት ሊቃውንት ይህን የሰው ልጅ ጠባይ ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። ለአዲስ ነገር ገንዘብ የሚያወጣ አይጠፋም፤ ለጥገና የሚያወጣ ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ በወቅፍ ሕግ፣ ከወቅፉ ከሚገኘው ገቢ በቅድሚያ ወጪ የሚሆነው ለንብረቱ ጥገና እንዲሆን ወሰኑ። ተጠቃሚዎች የሚካፈሉት ከዚያ የተረፈውን ነው። በዑስማኒያ ዘመን በኢስታንቡልም የውሃ መንገዶችን የሚጠብቁ ልዩ ሙያተኞች ነበሩ። ቦዮቹ በሚያልፉባቸው አካባቢዎች ያሉ መንደሮች ደግሞ ቦዩን እንዲንከባከቡ ከአንዳንድ ግብር ነጻ ይደረጉ ነበር። ጥገና የበጎ ፈቃድ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን ደመወዝና ኃላፊነት ያለው ሥራ ነበር ማለት ነው።

«ይህ የመካና የኢስታንቡል ታሪክ ነው፤ እኛን ምን አገናኘን?» ትል ይሆናል። እንግዲያውስ ከኮልፌ ቀራንዮ ወደ ምዕራብ ተመልከት። የአምቦን መንገድ ይዘህ ከከተማው ስትወጣ የጌፈርሳን ግድብ ታገኛለህ። ግድቡ ከከተማው ከፍ ያለ ቦታ ላይ ስለሆነ ውሃው በራሱ ክብደት ቁልቁል ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ የተገነባው ይህ ግድብ በ1950ዎቹ ቁመቱ እንዲጨምር ተደረገ። በ1960 በቀን 30,000 ሜትር ኩብ የሚያጣራ ጣቢያ ተሠራለት። በ1966 ደግሞ ደለሉን አስቀድሞ የሚያስቀር ሌላ ግድብ ከበላዩ ተጨመረ። ልብ በል! አንድ ጊዜ ተሠርቶ ያለቀ ነገር አይደለም። በየአሥር ዓመቱ የሰው እጅ ተመልሶ የነካው ነው።

ከተማዋ ስትሰፋ በምሥራቅ በኩል እ.ኤ.አ. በ1970 የለገዳዲ፣ በ1999 ደግሞ የድሬ ግድብ ተጨመሩ። የውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣንም በ1971 ተቋቋመ። ሆኖም ግድብ ብቻውን ሰው አያጠጣም። በግድቡና በቤትህ ቆጣሪ መካከል በመሬት ሥር የተቀበረ ቱቦ አለ። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹና በ2010ዎቹ የወጡ ሪፖርቶች በአዲስ አበባ ከሚመረተው ውሃ ሲሶ ያህሉ ገቢ ሳያስገኝ እንደሚቀር ይናገራሉ። ከዚህ ውስጥ ከፊሉ የቆጣሪ ጉድለትና ሕገ ወጥ ቅጥያ ሲሆን፣ ከፊሉ ግን ካረጀ ቱቦ የሚፈስ ነው።

እስቲ እናስላው። በደቂቃ 1 ሊትር ብቻ የሚያፈስ ቀዳዳ በቀን 1,440 ሊትር ያባክናል። ይህም ባለ 20 ሊትሩ 72 ጀሪካን ነው! ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር፣ ሌሊት ተነስታ የምትቀዳ እናት ስንት ቀን ትጠቀምበት ነበር? ጉዳቱም በዚህ አያበቃም። በፈረቃ ውሃው ሲቋረጥ በቱቦው ውስጥ ያለው ግፊት ይወድቃል። ያን ጊዜ ውሃ የወጣበት ቀዳዳ በዙሪያው ያለውን ቆሻሻ ወደ ውስጥ ይስባል። ውሃው ሲመለስ ያንን ይዞ ወደ ቤት ይገባል።

ይህን የሚያስተካክለው ብዙ ጊዜ በጨረታ ያሸነፈ ሥራ ተቋራጭ ነው። አስፋልቱንና ኮብልስቶኑን ያነሳል፤ ይቆፍራል፤ አሮጌውን የብረት ቱቦ አውጥቶ አዲሱን ይዘረጋል። የሥራው ወግ የታወቀ ነው። ቱቦው ስለታም ድንጋይ ላይ እንዳይተኛ ከሥሩ አሸዋ ይነጠፋል። መጋጠሚያው ሳይቀበር በግፊት ይፈተናል። ውሃው ለሰው ከመለቀቁ በፊት ቱቦው ይታጠባል፤ በክሎሪንም ይጸዳል። በመጨረሻም ቱቦውና ቫልቩ የት እንዳሉ በካርታ ይመዘገባል፤ አለበለዚያ ነገ የሚጠግነው ሰው መንገዱን ሁሉ ሲቆፍር ይውላል።

ውድ አንባቢ! የዚህ ሥራ ፈተናው እዚህ ላይ ነው። ቤት የሠራ ሰው ግድግዳው ከተጣመመ መንገደኛ ሁሉ ያየዋል። ቱቦ የቀበረ ሰው ሥራ ግን አፈር ይሸፍነዋል። አሸዋው ቢቀር ማን ያያል? ፈተናው ቢዘለል ማን ይጠይቃል? ክፍያ ይፈጸማል፤ ተቋራጩ ይሄዳል፤ ቱቦውም ከጥቂት ክረምት በኋላ ይፈነዳል። ዕዳውን የሚከፍለው በመስመሩ መጨረሻ፣ በዳገቱ ላይ ያለው ቤተሰብ ነው። ከዚህ የበለጠ አማና የት ይገኛል? የቆፋሪው፣ የቧንቧ ሠራተኛው፣ ዕቃውን የሚያቀርበው ነጋዴና ፈርሞ የሚረከበው ተቆጣጣሪ ሁሉም ድርሻ አለባቸው።

የእኛም ድርሻ አለ። በደጃችን ሲቆፈር ጭቃው ስላስቸገረን ብቻ «ቶሎ ይድፈኑት!» ብለን አንጩህ፤ ተፈትኗል ወይ ብለን እንጠይቅ። መንገድ ላይ ውሃ ሲፈስ ዘለነው አንለፍ፤ ለሚመለከተው ክፍል እንናገር። ለአዲስ ጉድጓድ እንደምናዋጣው ሁሉ፣ ለተሰበረ ቦኖም እናዋጣ። ሚህሪማህ ሱልጣን ገንዘቧን ስትሰጥ ቦዩ በሌላ ሴት ስም እንደሚጠራ ታውቅ ነበር። ያም ሆኖ አስጠገነችው፤ ሐጃጆችም ጠጡ።

ወላሁ አዕለም።