ከፋኖስ የተወለደ ሬዲዮ፦ ስለሚባክን ሙቀትና ስለሚባክን ሰው



ሰሞኑን አንድ ወዳጄ ቤት ለቡና ተጠርቼ ሄጄ ነበር። ባለቤቱ እንጀራ ጋግራ መጨረሷ ነውና ምጣዱ ከሶኬት ተነቅሎም ገና እንደጋለ ነበር፤ ወጥ ቤቱ እንደ ቆላ ቀትር ይፋጃል። ወዳጄ መዳፉን በምጣዱ ላይ በርቀት ዘረጋና፣ «ይህ ሁሉ ሙቀት ገንዘብ ከፍለንበት በከንቱ ይበተናል። ተመልሶ መብራት የሚሆንበት ብልሃት ጠፍቶ ነው ወይስ የሚያስብ ሰው ጠፍቶ?» ሲል ጠየቀኝ።

ጥያቄው ሁለት ነው። የመጀመሪያው የፊዚክስ፣ ሁለተኛው የፖለቲካ ነው። እንደ እኔ ስለ ፖለቲካ መጻፍ የለመደ ሰው በቀጥታ ወደ ሁለተኛው መሮጥ ይቀናዋል። ዛሬ ግን ሁለቱ ጥያቄዎች በአንድነት የተጠየቁበትን፣ በከፊልም የተመለሱበትን አንድ ታሪክ ላወጋችሁ ወደድሁ። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በልጅነቴ አያቴ ቤት ማታ ማታ ሁለት ነገሮች ጎን ለጎን ይቀመጡ ነበር፤ ፋኖስና ሬዲዮ። የሬዲዮኑ ባትሪ ድንጋይ ሲደክም አያቴ አውጥተው ፀሐይ ላይ ያሰጡታል፤ ጥቂት ነፍስ ይዘራና ዜናው ሳያልቅ መልሶ ይሞታል። ፋኖሱ ግን ከብርጭቆው አናት ላይ እጅ የሚያቃጥል ሙቀት ወደ ጣሪያው ይለቅ ነበር። አንዱ ኃይሉን ሲያባክን ሌላው ከአጠገቡ በረሃብ ይሞታል። ያን ጊዜ ይህ ነገር አላስገረመኝም። ከብዙ ዓመታት በኋላ ግን፣ በሌላ አገር፣ እነዚህን ሁለት ጎረቤቶች ያገናኘ ሰው እንደነበረ ሳነብብ ተደነቅሁ።

ነገሩ የሚጀምረው በ1821 በርሊን ላይ ነው። ቶማስ ዮሐን ዜቤክ የተባለ ሳይንቲስት ሁለት ዓይነት ብረቶችን ጫፍና ጫፋቸውን አጋጥሞ ቀለበት ሠራ፤ አንዱን መጋጠሚያ ሲያሞቀው በአቅራቢያው የነበረው የኮምፓስ መርፌ ዘወር አለ። ዜቤክ ክስተቱን የመግኔት ጉዳይ አድርጎ ተረጎመው። በእርግጥ የሆነው ግን የሙቀቱ ልዩነት በብረቶቹ ውስጥ የኤሌክትሪክ ጅረት ማስነሣቱ ነበር። ከዚያ በኋላ ለመቶ ዓመታት ያህል ግኝቱ በአመዛኙ ሙቀት መለኪያ ሆኖ ቀረ። ምክንያቱ ቀላል ነው። ኤሌክትሪክን በደንብ የሚያስተላልፍ ብረት ሙቀትንም በደንብ ያስተላልፋል፤ ስለዚህ የጋለው ጫፍና የቀዘቀዘው ጫፍ ቶሎ ይመሳሰላሉ፤ ልዩነቱ ሲጠፋ ኤሌክትሪኩም ይጠፋል።

ይህን ቋጠሮ ለመፍታት ከተነሡት መካከል ዋነኛው አብራም ዮፌ ነው። በ1880 ዩክሬን ውስጥ ሮምኒ በምትባል ከተማ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለደ፤ ሙኒክ ሄዶ በኤክስሬይ ፈልሳፊው በሮንትገን ሥር ተማረ። በ1918፣ አገሩ በእርስ በርስ ጦርነት እየነደደች ሳለ፣ ፔትሮግራድ ላይ የፊዚክስና ቴክኒክ ተቋም መሠረተ። ኩርቻቶቭ፣ ካፒትሳና ሴሚዮኖቭ በዚያ ደጃፍ ያለፉ ናቸው። ዮፌ ከ1930ዎቹ መባቻ ጀምሮ ዓይኑን በሰሚኮንዳክተሮች ላይ ጣለ። እነዚህ ቁሶች ለተመሳሳይ የሙቀት ልዩነት ከተራ ብረት እጅግ የበለጠ ቮልቴጅ ይሰጣሉና ከሙቀት ኃይል ለማውጣት የተሻሉ ናቸው ብሎ ተከራከረ።

የመጀመሪያው ፈተና በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጣ። ከጀርመን ጦር መስመር ጀርባ በጫካ ለሚዋጉት ፓርቲዛኖች የመገናኛ ሬዲዮ ባትሪ ማድረስ ጭንቅ ነበር። የዮፌ ባልደረቦች «የፓርቲዛን ድስት» የተባለውን መሣሪያ ሠሩላቸው። ድስቱ ውኃ ተሞልቶ እሳት ላይ ይጣዳል፤ ታችኛው ገጹ በእሳት ይግላል፣ የውስጡ ደግሞ ውኃው ከሚፈላበት ሙቀት አያልፍም፤ በሁለቱ መካከል የተደረደሩት የብረት ጥንዶች ለሬዲዮው የሚበቃ ጥቂት ዋት ያመነጫሉ። ሻይ ለማፍላት የተለኮሰ እሳት መልእክት አስተላለፈ ማለት ነው።

ከጦርነቱ በኋላ በ1950ዎቹ ያው ብልሃት ወደ ገበሬው ቤት ገባ። ቲጂኬ 3 የሚባለው መሣሪያ በተራ የነጭ ጋዝ መብራት ብርጭቆ ላይ የሚጠልቅ፣ ዙሪያውን ሰፋፊ የብረት ክንፎች የተሰለፉበት ቀለበት ነበር። ውስጡ በመብራቱ ትኩስ አየር ይግላል፤ ክንፎቹ በክፍሉ አየር ይቀዘቅዛሉ። ውጤቱ 3 ዋት ያህል ነው። 3 ዋት ለእኛ ምንም አይደለም፤ ግን በባትሪ እንዲሠራ የተነደፈውን «ሮዲና» የተባለ ሬዲዮ ለማናገር በቂ ነበር። «ሮዲና» በሩስኛ «እናት አገር» ማለት ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብለን ፖለቲካውን እንመልከት። ሌኒን ኮሚኒዝምን ከኤሌክትሪክ ጋር አጣምሮ ለሕዝቡ ተስፋ ከሰጠና አገር አቀፉ የኤሌክትሪክ ዕቅድ ከጸደቀ፣ ከ1920 ጀምሮ ሠላሳ ዓመታት አልፈው ነበር። አቶም ቦምብ በ1949 የፈነዳበት አገር ገበሬ ግን ገና በነጭ ጋዝ ያመሽ ነበር። እናም መንግሥት ሽቦው እስኪደርስ ድረስ የሬዲዮ ድምፅ ይደርስ ዘንድ ፋኖሱን ጄኔሬተር አደረገው። ብርሃን ከመድረሱ በፊት ንግግር ደረሰ። ለሥልጣን ቅርብ የሆነው የትኛው እንደሆነ ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም።

ሆኖም ታሪክ ሁልጊዜ ባለቤቱ እንዳሰበው አይሄድም። በሶቪየት ከተሞችና በብዙ መንደሮች የተለመደው በሽቦ የሚመጣ፣ ጣቢያ መምረጫ የሌለው ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ድምፅ ማጉያ ነበር። «ሮዲና» ግን መምረጫ ነበራት፤ አጭር ሞገድም ትቀበል ነበር። ሞስኮ ከ1948 ጀምሮ የውጭ አገር የሩስኛ ስርጭቶችን በጩኸት ታፍን የነበረው ለዚህ ነው። ከፋኖሱ የሚወጣው 3 ዋት የማንን ድምፅ እንደሚያጎላ አይጠይቅም። እጁ መምረጫው ላይ ያረፈው ገበሬ ነው የሚወስነው። እኛም በጓዳ ድምፅ ቀንሶ የውጭ ሬዲዮ ማዳመጥን የምናውቅ ሕዝብ ነንና ይህ አይጠፋንም።

ዮፌስ ምን ሆነ? በ1950 መጨረሻ፣ «ሥር የለሽ ኮስሞፖሊታን» በሚል ስም በአይሁድ ምሁራን ላይ በተከፈተው ዘመቻ፣ ራሱ ከመሠረተው ተቋም ዳይሬክተርነት ተነሣ። ዕድሜው 70 ነበር። በአንዲት ቤተ ሙከራ ሥራውን ቀጠለ፤ እርሷም ከጥቂት ዓመታት በኋላ የሰሚኮንዳክተር ተቋም ሆነች። በጥቅምት 1960 ሲሞት ግን ያባረረው ተቋም በስሙ ተሰየመ። ከፋኖስ የሚባክን ሙቀት እንዳይጠፋ የተጨነቀ መንግሥት ሰውን ያለ ሐሳብ ያባክን ነበር። ሲሞት ማወደስ ለእኛም እንግዳ አይደለም።

አሁን ወደ ወዳጄ ምጣድ ልመለስ። በ1950ዎቹ መጨረሻ የዮፌ ተስፋ ወደ አሜሪካም ተሻግሮ እንደ ዌስቲንግሃውስ ያሉ ኩባንያዎች ብዙ ገንዘብ አፍስሰውበት ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን ቁሶቹ አልሻሻል ስላሉ ግለቱ በረደ። ትልቁ እንቅፋት ግን ከቁሱም በፊት ያለ ሕግ ነው። ፈረንሳዊው ሳዲ ካርኖ በ1824 እንዳሳየው ሙቀት እንደ ፏፏቴ ነው፤ ኃይል የሚሰጠው በብዛቱ ብቻ ሳይሆን በሚወርድበት ከፍታ ነው። የፍሪጅ ጀርባ 40 ዲግሪ፣ ክፍሉ 22 ዲግሪ ቢሆን ፍጹም የሆነ ማሽን እንኳ ከሙቀቱ 6 በመቶ አያወጣም፤ ዛሬ ያሉት የቴርሞኤሌክትሪክ መሣሪያዎች ደግሞ ከዚህ ጣሪያ አንድ አምስተኛውን ካገኙ ደኅና ነው። 100 ዋት ሙቀት ከሚለቅ ፍሪጅ አንድ ዋት ቢገኝ ነው። በዚያ ላይ የሙቀቱን መውጫ ስለምንዘጋበት ሞተሩ የበለጠ ይለፋል። የተረፈው ከጠፋው ያነሰ ይሆናል።

ምጣዱ የተሻለ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይበላል። ከሥሩ 1 ኪሎዋት ሙቀት በ100 ዲግሪ ያመልጣል እንበል፤ ክፍሉ 20 ዲግሪ ቢሆን የካርኖ ጣሪያ 21 በመቶ ነው፤ በተግባር ግን ከ20 እስከ 40 ዋት ቢገኝ ነው። ከዚያው ምጣድ ሥር ጥሩ ሙቀት መከላከያ ቢደረግና ግማሹ ብክነት ቢቀር 500 ዋት ይተርፋል። በተጨማሪም ምጣዱ የሚግለው መብራት ሲኖር ነው። መብራት በሄደበት ምሽት፣ ኃይሉ ከምንም በላይ በሚያስፈልገን ሰዓት፣ የሚሰበሰብ ሙቀት የለም። ስለዚህ ለወዳጄ የምሰጠው መልስ «ብልሃቱ አልጠፋም፤ ቦታው ግን እዚህ አይደለም» የሚል ነው። ዴንማርኮች ከ1973ቱ የነዳጅ ቀውስ በኋላ ያደረጉትም ይህንኑ ነው፤ የኃይል ማመንጫዎቻቸውን ትርፍ ሙቀት እንደ ሙቀት ወደ ቤቶች በቧንቧ አስገቡት፤ ዛሬ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ቤት በዚህ ዓይነት የጋራ መስመር ይሞቃል።

ብልሃቱ የሚያዋጣው እሳት ባለበት፣ ሽቦ ግን በሌለበት ቦታ ነው። ቮየጀር የተባሉት መንኮራኩሮች ከ1977 ጀምሮ የሚንቀሳቀሱት በፕሉቶኒየም ሙቀትና በዜቤክ ክስተት ነው። በምድር ላይ ደግሞ ባዮላይት የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ከእንጨት ምድጃ ሙቀት 3 ዋት ያህል አውጥቶ ስልክ የሚሞላ መሣሪያ ይሸጣል። ከስድሳ ዓመታት በኋላ ያው 3 ዋት!

እንግዲህ የሕዳሴው ግድባችን በመስከረም 2025 ተመርቋል፤ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው። ሆኖም ወደ ግማሽ የሚጠጋው ሕዝባችን ዛሬም መብራት የለውም፤ በየማታው ግን ምድጃው ይነድዳል። ለዚያች ጎጆ 3 ዋት አንድ አምፖልና አንድ ስልክ ነው። ይህን መናቅ የጠገበ ሰው ንቀት ነው። ግን ደግሞ 3 ዋት ሰጥቶ «ኤሌክትሪክ አዳረስሁ» ማለት፣ ፋኖስ ላይ ሬዲዮ አስሮ ብርሃኑን ለሠላሳ ዓመታት እንዳዘገየው መንግሥት መሆን ነው።

የወዳጄ ሁለተኛ ጥያቄ ግን ዛሬም አለቀቀኝም። የሚያስብ ሰው አልጠፋም፤ ዮፌም ነበረ። የሚጠፋው እርሱን ሳያባክን የሚይዝ ቤት ነው። አያቴ ባትሪ ድንጋያቸውን ፀሐይ ላይ ሲያሰጡ የነበረውን ያህል ትዕግሥት፣ እኛ ለምሁሮቻችን መቼ አሳየን?

ቸር ይግጠመን።